ቲም ሊድ መሆን አልፈልግም። ኮዴን ጽፌ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው። ነውር ነው?

ሰሚት_ዴቨሎፐር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የምሠራው አንድ የግል ባንክ ውስጥ ነው። ሶፍትዌር ክፍል። ማዕረጌ ሲኒየር ዴቨሎፐር ነው። ጃቫ እጽፋለሁ፣ ሞባይል ባንኪንጉን ከኮር ባንኪንጉ (ከባንኩ ዋና የሒሳብ ሲስተም) ጋር የሚያገናኘውን ክፍል እይዛለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ለቃለ መጠይቅ የሚባለውን ዓይነት አይደለም፣ የምሬን ነው። ጠዋት ሎግ ከፍቼ አንድ የተንጠለጠለ ክፍያ የት ጋ እንደቆመ ሳገኘው ቀኔ ይቀናል።

በቅርቡ ቲም ሊዳችን፣ የቡድናችን መሪ ማለት ነው፣ ለቀቀ። ውጭ ሄደ። አለቃዬ ጠርቶ "ቦታው ያንተ ነው፣ ማመልከቻ ብቻ አስገባ" አለኝ። አመስግኜ አልፈልግም አልኩት። ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነው። ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ፣ መልሴ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ በሌላ ዓይን ነው የሚያዩኝ። አንዱ "ሌላ ሥራ አግኝተሃል አይደል?" ይላል። ሌላው "ተጣልታችሁ ነው?" ይላል። ሦስተኛ አማራጭ የመጣለት ሰው የለም።

ለምን እንዳልፈለግኩ ልንገራችሁ። የለቀቀውን ልጅ በቅርብ አውቀዋለሁ። ጎበዝ ፕሮግራመር ነበር። ከተሾመ በኋላ ግን ኮድ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ግማሽ ቀን ስብሰባ። የቀረው ግማሽ የግዥ ኮሚቴ፣ ከቬንደር ጋር ጭቅጭቅ፣ የቢኤስሲ (የሠራተኛ አፈጻጸም መመዘኛ) ፎርም። ነጥብ በሰጠ ቁጥር ግማሻችን እናኮርፈዋለን። ሌሊት ሲስተም ሲቆም መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው፤ የሚያስተካክለው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ "ምን ላይ ደረሳችሁ?" እያለ ይጠይቃል፣ የሰማውን ለበላይ ያስተላልፋል። ይህን ሥራ የሚወድ ሰው አለ፣ አከብረዋለሁ። እኔ አይደለሁም።

እኔ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፔን ዘግቼ እወጣለሁ። ልጄ ሳትተኛ እደርሳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ አለ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እናቴ ጋ ምሳ። በዚህ ላይ ምን ይጨመር?

እንዲህ ብሎ መኖር ይቻላል ወይ? እኔ ያላየሁት ጉድጓድ ካለ አሳዩኝ። "ሰነፍ ነህ" የሚለውን ቤት ስለሰማሁት እዚህ አትድገሙት።

ስብሰባ_አፍቃሪ

ቦታውን ካልፈለግከው ሲቪዬን የት ልላክ? ኮድ አልችልም። ግን "ምን ላይ ደረሳችሁ?" ማለት እችላለሁ።

ካዛንቺስ_ነበርኩ

ሰነፍ አልልህም። ግን ልቃወምህ።

አንተ ብትረካም ብር አብሮህ አይረካም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከዚያም በፊት በ2014 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ ነበር። በነዚያ ዓመታት ደመወዙ ያልተነካ ሰው ባለበት የቆመ ይመስለዋል እንጂ እየወረደ ነበር።

እኛ አገር ደግሞ ደመወዝ በደንብ የሚጨምረው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ትሾማለህ፣ ወይ ለቀህ ሌላ ቦታ ትገባለህ። የዓመቱ እርከን የአንድ ጀሪካን ዘይት ጭማሪ አይችልም። ስለዚህ አንተ "ሹመት ይቅርብኝ" ስትል ኤችአር የሚሰማው "ጭማሪ ይቅርብኝ" ነው። አከራይህ ኪራይ ሲጨምር "ረክቼ ነው የምኖረው" ብትለው ይስቅብሃል።

ሒሳብ_ክፍል

እስቲ በቁጥር እናውራ። ደመወዙን አልነገረንም፣ ጥሩ አድርጓል። ለምሳሌ ያህል 60,000 ብር እንበል፣ ሲሾም 72,000 ይገባል እንበል።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የደመወዝ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ። እንግዲህ ከ12,000 ጭማሪ ውስጥ 4,200 ግብር፣ 840 ጡረታ። እጅ የሚገባው 6,960 ብር ነው። ሌሊት የሚደወለው ስልክ፣ ግዥ ኮሚቴውና ኩርፊያው ሁሉ በወር የሚከፈልበት ይቺ ናት።

ይህን ስታዩ "ልጁ ልክ ነው" ልትሉ ነው። ቆዩ። ባንክ ውስጥ የሠራ ሰው የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። የእድገቱ ዋጋ ያለው ደመወዙ ላይ አይደለም። የሠራተኛ የቤት ብድር፣ የመኪና ብድር፣ የነዳጅ አበል አብዛኛውን ጊዜ ከደረጃ ጋር የታሰሩ ናቸው። ጣሪያው ከፍ ሲል የምትገዛው ቤት ሰፈሩ ይለወጣል። ውጭ ያለ ሰው በዚያ ወለድ ብድር አያገኝም። ቤት ከሌለህ ይህን ሳትመዝን እምቢ እንዳትል። ቤት ካለህ ሌላ ወሬ ነው።

አለህ?

ሰሚት_ዴቨሎፐር

አለኝ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከቤተሰብ የመጣ። ኪራይ ብከፍል ኖሮ ይህን ክር የምከፍተው አይመስለኝም።

ካዛንቺስ_ነበርኩ

በለው! እርካታህ ካርታ አለው ማለት ነው። እኔ ስንት አንቀጽ ጻፍኩ።

ሕግ_ቤት

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁሉንም ተቀጣሪ አይሸፍንም። "የሥራ መሪ" የሚባለውን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል።

የሥራ መሪ ማን ነው? የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሚታየው የማዕረጉ ስም ሳይሆን ያለው ሥልጣን ነው። ቲም ሊድ ተብሎ ማንንም መቅጠርም ማባረርም የማይችል ሰው አሁንም ሠራተኛ ነው። የዋናው መሥሪያ ቤት መምሪያ ኃላፊ ወይም ዳይሬክተር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ምን ይቀርበታል? ሠራተኛ እያለህ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ ካለፈ ትርፍ ሰዓት ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። የዓመት ፈቃድህ ከ16 የሥራ ቀን ይነሳል፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቢያሰናብቱህ ወደ ሥራህ እንድትመለስ መጠየቅ ትችላለህ። የሥራ መሪ ከሆንክ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውልህ ነው የምትዳኘው። ጥበቃው ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ብዙ ሰው የሹመት ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ይልካል። ውሉን የሚያነብ ጥቂት ነው።

ባክኤንድ_ብቻ

ትርፍ ሰዓት ተከፍሎት የሚያውቅ ዴቨሎፐር እጁን ያውጣ።

ሕግ_ቤት

አለመከፈሉና መብት አለመኖሩ ለየቅል ነው። "ዛሬ ማታ ቆይታችሁ ዲፕሎይ አድርጉ" የሚለውን ኢሜይል አታጥፉ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ስላለው ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለማወዳደር ይጠቅማል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች መንገዱን ሁለት አድርገውታል። አንዱ የአለቃ፣ ሌላው የባለሙያ። ሰው ሳታስተዳድር በባለሙያው መንገድ ሩቅ መሄድ ትችላለህ። ጀማሪ ሆነህ ስትገባ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከፍ እንድትል ይጠበቃል፣ ካልሆነ ግምገማው ላይ ይነሳብሃል። ሲኒየር ስትደርስ ግፊቱ ያቆማል። ከዚያ በላይ መውጣት በፈቃድህ ነው። እኔ እዚያ ነው የተቀመጥኩት። በየግምገማው "የሚጠበቅበትን አሟልቷል" ይጽፋሉ፣ እኔም ፈርሜ ልጆቼን ዋና ለማስተማር እሄዳለሁ።

ጉድጓዶች ግን አሉ። አንደኛው አክሲዮን ነው። ስትቀጠር የሚሰጡህ ድርሻ ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። አዲስ ካልጨመሩልህ በአምስተኛው ዓመት ገቢህ ይወርዳል። ማዕረግህ ያው፣ ሥራህ ያው፣ ገንዘቡ ግን አነሰ። ይህን ሳያውቁ ትልቅ ቤት የገዙ ልጆች አሉ።

ሌላው፣ አለቃ መሆን ዋስትና የሚመስላቸው አሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሜታ የኃላፊዎችን ብዛት ሲቀንስ ብዙዎቹን ወይ ወደ ኮድ ጽሑፍ ተመለሱ አላቸው ወይ አሰናበታቸው። መስከረም 2024 ደግሞ የአማዞኑ አንዲ ጃሲ በደብዳቤ የባለሙያውን ቁጥር ከኃላፊው አንጻር ቢያንስ በ15 በመቶ ከፍ አድርጉ አለ፤ ጊዜው እስከ 2025 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ነበር። መካከል ላይ ያለ አለቃ ነው የሚቀነሰው። ለዓመታት ኮድ ሳይነካ የቆየ ሰው ድንገት ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርብ ማየት ያሳዝናል።

ግሪን ካርድ በአሠሪ በኩል የጀመሩት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። የሥራው ዓይነት በጣም ከተለወጠ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል። እድገት እየፈለጉ "አይ፣ ደህና ነኝ" የሚሉ የማውቃቸው አሉ። ሥራ ቢያጡ ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው የ60 ቀን ጊዜ ነው ያለው። እነሱን ከኔ ጋር አንድ ላይ "ረክተው የተቀመጡ" ብሎ መጥራት ልክ አይመስለኝም። እኔ መርጬ ነው፣ እነሱ ታስረው።

ዱባይ_ፍሬም

ከሲልቨር ለየት ያለ፣ አጭር ነገር። ኤምሬትስ ውስጥ ለምትሠሩ፦ ስትለቁ የሚከፈላችሁ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው የ30 ቀን። ስለዚህ ሹመቱን ብትተዉትም መሠረታዊው ደመወዝ እንዲያድግ ተከራከሩ። አበል ላይ የተጨመረ ገንዘብ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ጀማሪው_ነኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ክር ያናድዳል።

ከተመረቅኩ ቆየሁ። የ5 ሚሊዮን ኮደርስን ሰርተፍኬት ወስጃለሁ። ጊትሃብ ላይ ሦስት ፕሮጀክት አለኝ። ያመለከትኩበት ሁሉ "ሁለት ዓመት ልምድ" ይላል። ልምዱ ከየት ይምጣ? እናንተ ሹመት እምቢ እያላችሁ ትከራከራላችሁ፣ እኛ ያለ ክፍያ ኢንተርን ለመሆን እንለምናለን። ሲኒየሩ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ከታች ያለው በየት ይግባ? አሁን ደግሞ "ጀማሪ የሚሠራውን ኤአይ ይሠራዋል" እየተባለ ነው።

ማሂ_ኪውኤ

ጀማሪው፣ ንዴትህ ገብቶኛል። ግን ሰሚት ሊድ ቢሆን ያንተ ቦታ አይከፈትም። የሱን ወንበር ዘግተው ሥራውን ለቀሩት ያከፋፍሉታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በር የሚከፍትልህ ሰው ኮድህን ቁጭ ብሎ የሚያይልህ ሲኒየር ነው፣ እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ስብሰባ ውስጥ አይገኝም።

አሁን ለሰሚት። አንተ እምቢ ስትል ሰው ተገርሟል አልክ። እኔ እምቢ ስል የተገረመ የለም። "ልጅ አላት" ብለው ዘጉት። ማንም ምክንያቴን አልጠየቀኝም። ምክንያቴ ልጅ አልነበረም፤ የቴስት አውቶሜሽኑን (ሶፍትዌሩን በራሱ የሚፈትሸውን ፕሮግራም) ከዜሮ እየገነባሁ ነበር፣ ጥዬው መሄድ አልፈለግኩም። ከዚያ በኋላ ሥልጠና ሲመጣ ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም። አዲስ ፕሮጀክት ሲጀመር አልጠራም። አንዲት እምቢታ "አትፈልግም" የሚል ፋይል ሆና ተቀመጠች።

ያወጣኝ ነገር ጽሑፍ ነው። ለክፍሉ ኃላፊ ኢሜይል ጻፍኩ። ሰው ማስተዳደር አልፈልግም፤ የቴክኒክ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ላይ ግን መገኘት እፈልጋለሁ፤ ሥልጠናውም ይገባኛል፤ ጭማሪውም ይገባኛል፣ አልኩ። አራቱንም ለየብቻ። ሲነበብ ድፍረት ይመስላል። ግን ከዚያ በኋላ "አትፈልግም" የሚለው ሰው ማስረጃ አጣ።

ስለዚህ በቃል እምቢ ብለህ እንዳትቀር። ቢሮ ውስጥ የተነገረ እምቢታን ሌላ ሰው ነው የሚተረጉመው።

ባክኤንድ_ብቻ

ማሂ ትናገር!

ካዛንቺስ_ነበርኩ

ማሂ ያለችው ልክ ነው። ግን አሁንም አንድ ጥርጣሬ አለኝ። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ይዝጋል። አሥር ዓመት አንድ ሲስተም ላይ ተቀምጦ አሥር ዓመት ልምድ አለኝ ይላል። ሲታይ አንድ ዓመት ነው፣ አሥር ጊዜ የተደገመ። ሲስተሙ ሲቀየር ምን ይሆናል?

ሰሚት_ዴቨሎፐር

ይህን እኔም ፈርቼዋለሁ። ግን የሚያዝገው ሹመት አለመቀበል አይመስለኝም።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ደንበኛ ብር ይልካል። ኔትወርክ ይቆራረጣል። አፑ መልስ ስላላገኘ እንደገና ይልካል። የመጀመሪያውም ደርሶ ነበር። ሰውየው አንዴ ልኮ ሁለቴ ተቆረጠበት። የመጀመሪያው መፍትሔ ብዬ ያሰብኩት "ስልኩ ደግሞ እንዳይልክ ማድረግ" ነበር። አይሠራም፤ ኔትወርኩ በእውነት ተቆርጦ ክፍያው ሳይደርስ የቀረ ጊዜም አለ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዝውውር ስልኩ ራሱ አንድ የማይደገም ቁጥር እንዲሰጠው ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ያን ቁጥር አይቶት ከሆነ አይቆርጥም፣ የቀድሞውን መልስ ይመልሳል። ቀላል ይመስላል። ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል በአንድ ቅጽበት ቢመጡስ? ቁጥሩ ተመዝግቦ ክፍያው ሳያልቅ ሰርቨሩ ቢወድቅስ? ቁጥሩን ስንት ቀን ነው የምታቆየው? በኢንተርኔት ስታነቡት የአንድ ገጽ ነገር ነው። እውነተኛ ባንክ ላይ፣ ማታ ኢኦዲ (የቀኑ ሒሳብ መዝጊያ) እየሮጠ፣ ሲሆን ግን ለወራት አስተምሮኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ዳታቤዝ መቆለፊያ የማውቀው ነገር ከዩኒቨርሲቲው በብዙ ይበልጣል።

እኔ ማደግ የምለው ይህን ነው። ማዕረጌ ያኔም ሲኒየር፣ ዛሬም ሲኒየር።

ጋሽ_ሰርቨር

ልጆች፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ዕድሜዬ ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል፣ መምሪያ ኃላፊም ሆኜ ሠርቻለሁ። በራሴ ጥያቄ ነው ወደ ቴክኒክ የተመለስኩት። ያኔ ደብዳቤውን የተቀበለኝ የሰው ሀብት ኃላፊ "የተረት ሰው ነህ" አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እየተባለ ባደግንበት አገር፣ ሳይሻር የሚወርድ ሰው ግራ ያጋባል።

ምን ሠራሁ ከወረድኩ በኋላ? የድሮ ሰነድ ማዳን። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝ የሚባለው ፎንት የራሱ ኮድ ነበረው፣ ቪዥዋል ግዕዝ የራሱ። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ መሥሪያ ቤቶች በአሮጌው ፎንት ለዓመታት ጽፈዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሁሉም የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። አንዳንዱ ፎንት አንድን ፊደል በአንድ ኮድ፣ አንዳንዱ ከሁለት ቁራጭ አጣምሮ ነው የሚያስቀምጠው። መቀየሪያ ፕሮግራም መጻፍ፣ ያላለፈውን በዓይን ማረም፣ ሰንጠረዡን ማስተካከል። ማንም ሹመት የማይሰጥበት ሥራ ነው። ግን የስንት ሰው የጡረታ ማስረጃ ተነበበ። ዛሬም ይደውሉልኛል።

"ዝም ብሎ መቀመጥ" ለሚለው ደግሞ ሁለት ነገር። አይቢኤም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ፌሎው" የሚል ማዕረግ አለው። ቴክኒኩ ላይ የሚቆዩ ሰዎችን ለማክበር ነው። ኩባንያው ያኔ የገባው ነገር ነው፤ ጥሩ መሐንዲስን መጥፎ አለቃ አድርጎ ሁለቱንም ማጣት እንደሌለበት። ሌላው ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሹ ዳታቤዝ ነው። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ ዛሬም እዚያው ላይ ነው። ጥቂት ሰዎች ናቸው የሚሠሩት። እያንዳንዳችሁ ስልክ ውስጥ አለ። እስከ 2050 ድረስ እንደግፈዋለን ብለው ጽፈዋል። አንድ ነገር ላይ መቆየት ሁሉ መዛግ አይደለም።

ካዛንቺስ_ነበርኩ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁላችንም ሪቻርድ ሂፕ አይደለንም። እሱ የራሱን ነገር ነው የሠራው። ሰሚት ነገ ባንኩ ኮር ሲስተሙን ልቀይር ቢል ድምፅ የለውም። የሚወስኑት እነዚያ ስብሰባ ውስጥ ያሉት ናቸው። ጥሩ ሰዎች ሁሉ ወንበሩን እምቢ ካሉ ማን ይቀመጥበታል? እርስዎ ራስዎ ሲወርዱ ማን ተተካ?

ጋሽ_ሰርቨር

ይቺ ጥያቄ ልክ ነች። የተተካው ሰው ጥሩ አልነበረም። ሁለት ጎበዝ ልጆች በእሱ ምክንያት ለቀዋል። ይህን አልደብቅም። ግን እኔም ኃላፊ ሆኜ ጥሩ አልነበርኩም። ሰው መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጥሩ ፕሮግራመር ስለሆንክ ብቻ ያ ሙያ አብሮህ አይመጣም።

ቤታችን_ቡራዩ

ቁም ነገሩን ተዉትና፣ ለአማት ምን ትላላችሁ? ሽማግሌ ልኬ "ልጁ ምን ደረጃ ላይ ነው?" ሲባል የኔ ሰዎች "ኮምፒውተር ላይ ነው" አሉ። "ኃላፊ ነው?" ተባለ። ዝም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እዚህም ያው ነው። ሠርግ ላይ አንድ ጋሼ "እስካሁን ማናጀር አላደረጉህም? ዘረኝነት ነው" ብለው አዘኑልኝ። እኔ ነኝ ያልፈለግኩት ስላቸው የበለጠ አዘኑ።

ማሂ_ኪውኤ

ቡራዩ፦ "ሲኒየር መሐንዲስ" በላቸው። አማርኛ ውስጥ መሐንዲስ የሚለው አሁንም ክብር አለው።

ጀማሪው_ነኝ

ትናንት ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ግን ሰሚት፣ ያ የማይደገም ቁጥር ነገር ገብቶኛል፣ ፕሮጀክቴ ላይ ልሞክረው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል ሲመጡ ምን አደረግክ?

ሰሚት_ዴቨሎፐር

ቁጥሩን ዳታቤዙ ላይ እንዳይደገም አድርገህ መዝግበው፤ ዩኒክ ኮንስትሬይንት። መጀመሪያ ያለውን ፈልጎ ከዚያ መመዝገብ ሳይሆን፣ ቀጥታ መመዝገብ ሞክር። ሁለተኛው ራሱ ይወድቃል። ሲወድቅ የመጀመሪያውን ውጤት ጠብቀህ መልስለት። ኮዱን ጊትሃብ ላይ ስትጭነው ሊንኩን በውስጥ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።

ለሁላችሁም አዲስ ነገር አለ። ማሂ እንዳለችው ኢሜይል ጻፍኩ። ሰው ማስተዳደሩን አልፈልግም፣ የሲስተም ዲዛይን ውሳኔ ላይ ልኑር፣ የዓመቱ ጭማሪ ላይ ግን እንነጋገር አልኩ። አለቃዬ ዛሬ ጠራኝ። ጭማሪውን "እናየዋለን" አለ፣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ "ሰው እስክናገኝ በተጠባባቂነት ያዘው" አለኝ። ምን ልበል?

ካዛንቺስ_ነበርኩ

ሃሃ! በበር እምቢ ስትል በመስኮት አስገቡህ።

ማሂ_ኪውኤ

ተጠባባቂ ተብሎ ዓመታት የቆየ ሰው አውቃለሁ። ሥራው ሙሉ፣ ደመወዙ የድሮው። ሰው መፈለጉንም አቆሙ፣ ቦታው ተይዟላ።

ሕግ_ቤት

የባንካችሁን የኅብረት ስምምነት አንብብ። ብዙዎቹ ላይ የተጠባባቂነት አበልና የጊዜ ገደብ የሚል አንቀጽ አለ። ካለ እሱን ጥቀስ። ከሌለም በጽሑፍ ይሁን፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ አበሉ ስንት፣ ጊዜው ሲያልቅ ወደ ነበርክበት እንደምትመለስ። "ሰው እስኪገኝ" የሚል ቀን አይደለም። በቃል ከጀመርከው በኋላ ደብዳቤ መጠየቅ ከባድ ነው።

ሒሳብ_ክፍል

አበሉም ላይ ግብር አለ፣ እንዳትረሳ።

ሰሚት_ዴቨሎፐር

የኅብረት ስምምነቱን ከማኅበሩ ጸሐፊ ተቀብያለሁ። አንቀጹ አለ፣ ገደብም አለው። ነገ ጠዋት ለአለቃዬ ይዤለት እገባለሁ። ቀን ካልተጻፈበት አልፈርምም።